ከሱቄ ጀርባ የተሰለፉት ጉንዳኖች

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምት ነው። ወዲያው ልጽፈው አስቤ አፍሬ ቆየሁ። አሁንም የምጽፈው እንደኔ ያለች እናት ብታነበው ይጠቅማታል ብዬ ነው።

መርካቶ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን። ልጄ ሂክማ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምተዋት ሰው ስለሌለኝ ሱቅ ይዣት እውላለሁ።

በዚያ ሰሞን ልጄ ውሃ አልጠግብ አለች። ጠጥታ ሳትጨርስ ሽንቴ መጣ ትላለች። ሽንት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ከሱቁ ጀርባ ፖፖ አስቀመጥኩላት። አልጋ ላይ መሽናት ካቆመች ሁለት ዓመት ያለፋት ልጅ ፍራሹን ማራስ ጀመረች። ከስታለችም። ብርዱ ነው አልኩ። ፍራሹን በማራሷ ሁለት ቀን መታኋት። "እማዬ፣ ራሱ ነው የሚመጣው" ብትለኝ ውሸታም አልኳት።

ጉንዳኖቹን ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው። ከግድግዳው ስንጥቅ ወጥተው በቀጭን መስመር እስከ ፖፖው ተሰልፈዋል። ወለሉን በሳሙና አጠብኩት፤ ተመልሰው መጡ። በረኪና ደፋሁ፤ በሌላ በኩል መጡ። ክረምት ሲሆን ጉንዳን ቤት ይገባል ብዬ ተውኩት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት ጠና ያሉ ሴት ክዳን ያለው ባልዲ ሊገዙ መጡ። እዚያው መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ አንድ መጋዘን ውስጥ ማር እያጣሩ ነው የሚተዳደሩት። ስማቸው እትዬ አስካለ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ትልቁን ባልዲ ሊመርጡ ወደ ጀርባ ገብተው ቆዩብኝ።

"ልጄ፣ እዚህ ጋ ማር ፈሶብሻል እንዴ?"

"ኧረ የለም እትዬ፣ የልጅ ሽንት ነው" አልኩ እያፈርኩ።

ጎንበስ ብለው የጉንዳኑን ሰልፍ ለረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል። ሂክማ ካርቶን ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች።

"እኔ ዕድሜዬን ከማር ጋር ነው የኖርኩት" አሉ። "ጉንዳን ዝም ብሎ አይሰለፍም። መጀመሪያ አንዷ መጥታ ትቀምሳለች። ከጣማት መሬቱ ላይ ሽታዋን እየተወች ትመለሳለች፤ ሌሎቹ ያንን ሽታ ተከትለው ይመጣሉ። የዚህች ልጅ ሽንት ውስጥ ስኳር አለ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት።"

ተናደድኩ። ደንበኞች ቆመው ይሰማሉ። በሰው ፊት ያዋረዱኝ መሰለኝ።

"እትዬ፣ ዕቃ የሚገዙ ከሆነ ይግዙ። የልጄን ነገር ለኔ ይተዉልኝ።"

እሳቸው ግን ባልዲውን ገልብጠው በሩ ላይ ተቀመጡበት። "እስክትወስጃት አልነሳም" አሉ።

ጎረቤቶቼ ወደኛ ማየት ጀመሩ። እልህ ይዞኝ፣ ልጄ ምንም እንዳልሆነች ላሳያቸው "ሂክማ፣ ተነሺ!" ብዬ ወዘወዝኳት። ዓይኗን ገልጣ መልሳ ከደነችው። ትንፋሿ ይቻኮላል። ጠጋ ስል አፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። አንስቼ አቀፍኳት።

እትዬ አስካለ ልጄን ከእጄ ነጥቀው በነጠላቸው አዘሏት። በጋሪውና በተሸካሚው መሃል "መንገድ! መንገድ ልቀቁ፣ ልጅ ታማብናለች!" እያሉ ከፊቴ ሄዱ። ሱቁን ሳልቆልፍ "ያ አላህ፣ ያ አላህ" እያልኩ ተከተልኳቸው።

ጤና ጣቢያ ጣቷን ወጓት። ነርሷ የስኳር መለኪያ መሣሪያውን አይታ እንደገና ወጋቻት። "በጣም ከፍ ከማለቱ የተነሳ ቁጥሩን አያነብልኝም" አለችና በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላኩን። ዶክተሩ የስኳር በሽታ ሕፃናትንም እንደሚይዝ ነገረኝ። እኔ የሽማግሌ በሽታ ነበር የሚመስለኝ። "ነገ ብታመጫት ኖሮ..." ብሎ አልጨረሰውም። የመታሁትን እግሯን ይዤ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሂክማ ዓይኗን ገልጣ "ራበኝ" አለች። ለእትዬ አስካለ ልነግራቸው ወጣሁ። ሥራቸውን ትተው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ።

"ያን ሁሉ ስናገርዎት ለምን ትተውኝ አልሄዱም?" አልኳቸው።

"የኔም ልጅ በሸናበት ጉንዳን ይሰለፍ ነበር" አሉ። "ውሃ እያፈላሁ ደፋሁባቸው። የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስድስት ዓመቱ ነበር።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዛሬ ሂክማ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት። ኢንሱሊኗን በየቀኑ ትወጋለች። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ስኳሯ ቢወርድባት ምን እንደሚደረግ ለመምህሯ ለማስረዳት ሄድኩ። እትዬ አስካለም ካልመጣሁ አሉ። "የኔ ልጅ ሳይማር ነው የቀረው። የትምህርት ቤት በር እስቲ ልይ" አሉኝ።

በሩ ላይ ጥበቃው ለወላጅ ብቻ ነው የሚፈቀደው አለና "እናቴ፣ እርስዎ የልጅቷ ምን ነዎት?" ሲል ጠየቃቸው። ወደኔ ዞሩ።

"አያቷ ናቸው" አልኩት።

እስከ ዛሬ ደስታዬ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። የኔ ልጅ የዳነችው እሳቸው ልጃቸውን ቀብረው ባወቁት ነገር ነው። ሂክማ እጃቸውን ይዛ ስትገባ ከኋላ ቆሜ ሳያቸው፣ የማመሰግንበትን ከማለቅስበት መለየት አቃተኝ።