የአስማረ ቁመት

ኮረብታውን «ጎጆ» እንለው ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ክዳኑ የተገፈፈ ጎጆ ይመስላል። በግንባሩ ካርታ ላይ ግን ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ሻምበላችን ያዙት የተባለችው ጎሕ ሲቀድ ነው። ረፋድ ላይ ያዝነው። ከቀትር በኋላ በመያዛችን እስኪቆጨን ድረስ ሞርታር ወረደብን። ስለ ጀግንነት የማወራችሁ የለኝም። ይህን የምጽፈው እናንተ የሰፈሩ ልጆች ንፋስ መውጫ ቤቴ ስትመጡ፣ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን የእንጨት ሄሊኮፕተር እያያችሁ «አምሳ አለቃ፣ ይኼ መጫወቻ የማን ነው?» ስለምትሉኝ ነው። መጫወቻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት መኸር እንደገባ ውዴ የምትባል ሴት ከአርብ ገበያ ከተማ መጣችብኝ። የአስማረ እኅት ናት። አስማረ የታች ጋይንት ልጅ ነበር፤ አብረን ሠልጥነናል፣ አንድ ምሽግ ቆፍረናል። «ጎጆ» ላይ ትከሻውን ተመታና ቁስለኛ ሊያወጣ በመጣው ሄሊኮፕተር ጫንነው። ሄሊኮፕተሩ ሸለቆውን ሳይሻገር ተመታ። በጭራው ወደቀ፤ እሳቱም ከጭራው ተነሣ። ከፊት በኩል ባለው የጎን በር ግን ፋሻ የታሰረላቸው ሁለት ሰዎች ዘለው ሲወጡ ሁላችንም ከኮረብታው ላይ አየን። እነማን እንደሆኑ አልለየንም። ሳንደርስላቸው ሸለቆው ያኔ ጠላት በምንለው ወገን እጅ ገባ።

የአስማረ እናት እማሆይ የሺ ከሁለቱ አንዱ ልጄ ነው ብለው ያዙ። እግሩ ደህና ነበር፤ ያስኬደዋል። ጦርነቱ አልቆ ምርኮኛው ሁሉ ሲመለስ ጠበቁት። ከመነኮሱም በኋላ ጠበቁት። ዓይናቸው በሞራ ሲሸፈንም ፍትሐት አላስፈቱለትም። በሕይወት ላለ ልጅ ፍትሐት ማስፈታት ለእናት በእጇ እንደ መቅበር ነው። ሞቶ ከሆነ ደግሞ ነፍሱ ያለ ጸሎት ቀረች ማለት ነው። እማሆይ በእነዚህ በሁለቱ መካከል አረጁ።

«አሁን ደክመዋል» አለችኝ ውዴ። «ሳይወስኑ መሞትን ፈርተዋል። ‹የጫነው ሰው የት እንዳስተኛው ያሳየኝ› ይላሉ።»

«ነግሬያቸው የለም እንዴ? መጀመሪያ የገባው እሱ ነው። ከፊት፣ በጎን በሩ አጠገብ።»

«እሱንማ በቃልዎ ያውቁታል። ግን የሄሊኮፕተር ሆድ ምን እንደሚመስል አያውቁ! ‹በእጄ ዳስሼ ልወቀው› ነው የሚሉት።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ አላልኩትም። ለካ ሴትዮዋን ያን ሁሉ ዘመን ያስጠበቃቸው የእኔ ቃል ኖሯል። ደነገጥኩ።

ሥራውን ጀመርኩ። ጎረቤቴ የጤና ባለሙያ ነው፤ ከስልኩ ላይ ብዙ ፎቶ አሳየኝ። ሁሉም የውጭ መልክ ነው፤ እኔ የምፈልገው ሆዱን ነው። ሆዱን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ጥይትና ዱቄት ስናወርድበት ከርመናል። ልኬን ክንዱን በጣት አደረግሁት፤ የእውነተኛው አንድ ክንድ በእኔ ሥራ አንድ ጣት። ገላውን ከዋንዛ ፈልፍዬ የዘይት ጣሳ ቆርቆሮ አለበስኩት። ብሎኑን ሁሉ በወስፌ ነቆጥኩ። ለመስኮቱ አሮጌ የራጅ ፊልም፣ ለማራገቢያው ቀርከሃ። የጎን በሩ ይንሸራተታል፤ የኋላው ሁለት በር ይከፈታል። ቃሬዛ የሚንጠለጠልባቸውን የብረት ምሰሶዎች ከጥላ ሽቦ አቆምኩ። ጣራው ተነሥቶ እጅ እንዲገባበት አድርጌ ሠራሁት። አሥራ ሁለት ቁስለኞች ስለነበሩ አሥራ ሁለት ስንጥር ቆረጥኩ፤ እያንዳንዱ አራት ጣት።

ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጣኸው ከጦሩ ነው ወይስ ከአእምሮህ?» ትለኛለች። ኋላ ግን ስንጥሮቹን ስታይ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

ሚኒባስ ላይ ታቅፌው አርብ ገበያ ወረድኩ። እማሆይ መደብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ጉልበት ስሜ ሥራዬን ፊታቸው አኖርኩት። አሁን በሩ ቅርብ ሆኖ ካገኙት እስከ ዕለተ ሞታቸው ይጠብቃሉ። ሩቅ ነው ብዬ ብዋሽስ? ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን ለእናት አልናገርም።

ከአፍንጫው እስከ ጭራው ዳሰሱት። በሩን አንሸራተቱ። የኋላውን ከፍተው ዘጉ። ከዚያ እጃቸውን በጣራው አስገቡና ስንጥሮቹን አንድ በአንድ ነኩ።

«የኔ ልጅ የቱ ነው?»

«ይኼ ነው እማሆይ። ከፊት፣ በበሩ አጠገብ።»

አውጥተው በጣታቸው መካከል ያዙት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኸማ አስማረ አይደለም። አጭር ነው፤ ከሌሎቹ እኩል።»

«ሁሉንም እኩል ስለ ቆረጥኳቸው ነው እንጂ...»

«ውዴ፣ ፈትሉን አምጭልኝ።»

ውዴ ከሙዳይ ውስጥ የተጠቀለለ ፈትል አወጣች። እማሆይ እየተረተሩት ነገሩኝ። «ሲዘምት እዚያ በር ላይ አቁሜ፣ ከራሱ እስከ ተረከዙ የለካሁት ነው። በደህና ከመለስሽልኝ ቁመቱን የሚያህል ጧፍ አበራለሁ ብየ ለማርያም ተሳልኩ። በዚህ ለካና ልጀን ሥራልኝ።»

በክንዴ ለካሁት። አራት ክንድ ከጋት። ረጅም እንደነበር አውቃለሁ፤ ይህን ያህል መሆኑን ግን ረስቼዋለሁ። በኪሴ የያዝኩትን ዋንዛ በዚያው ልክ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ራሳቸው አስገቡት። በአብራሪዎቹ ግድግዳና በምሰሶው መካከል አኖሩት። አልገባም። አዟዟሩት። አልገባም። በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ሽቦው ጎበጠ።

«አይበቃውም» አሉ። «ቤትም እያለ እግሩ ከአልጋ ይወጣ ነበር።»

ያኔ ሁሉም መጣልኝ።

ጊዜው አሥር ሰዓት ገደማ። ሄሊኮፕተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ አረፈ። አቧራው ዓይን አያስከፍትም። ቃሬዛ አልቆብናል። ለአስማረ ሁለት እንጨት በቁመቱ ቆርጠን ድንኳን ሸራ ወጥረንበታል። በኋላ በር ይዘነው ገባን፤ የመጀመሪያው እሱ ነው። እስከ ፊት ወሰድነው። እስከዚህ አልረሳሁም። ቀጥሎ ሞርታር ወደቀ። አንዱ ተሸካሚ ወደቀ። ጆሮዬ ጭው አለ። ለዘመናት ከዚህ በኋላ ያለው ጠፍቶብኝ ነበር። አሁን የሻምበላችን ቁስል አካሚ፣ የድሬሰሩ ድምፅ ተሰማኝ።

«ረጅሙ አይገባም! አውጡት! መጨረሻ ይግባ!»

መልሰን አወጣነው። መሬት ላይ አኖርነው። ሌሎቹን ጫንን። አስማረ ቀና ብሎ አየኝና «ደግሞ ልታስቀሩኝ ነው?» አለኝ። ይስቅ ነበር። ከሁሉ በኋላ አነሣነው፤ ከወለሉ ላይ፣ ከጭራው ሥር አስተኛነው። የኋላውን በር በእግሩ ጫፍ ላይ ዘጋነው።

ለእማሆይ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ስንጥሩን ከፊት አውጥተው ከኋላው በር ሥር አስተኙት። ልክ ገባ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ጎን በሩ ጉዞ ጀመረ፤ በአሥራ አንዱ ስንጥር ላይ እየተረማመደ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እሳቱ የተነሣ ከየት ነው ያልኸኝ?»

«ከጭራው ነው እማሆይ።»

እጃቸው ከውስጡ አልወጣም። ውዴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

«ሳቀ ነው ያልኸኝ?»

«አዎ፣ ስቋል።»

«እንግዲያስ ፈትሉን ሰም አስነክሪው» አሉ ወደ ውዴ ዞረው። «ለሌሎቹም ጧፍ ይምጣ። እነሱም እናት አላቸው።»

ስሄድ ሥራዬን ከነስንጥሮቹ መልሰው አስታቀፉኝ። በኮረብታው ላይ የወደቁትን ቀብረናል፤ ቦታቸውን እናውቀዋለን። በሄሊኮፕተሩ አሥራ ሁለት ጫንን። ሁለት ወጡ፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሥሩና ሦስቱ የበረራ ሰዎች እዚያው ቀሩ። ወደ «ጎጆ» ለምን እንደ ተላክን ለማስረዳት ሞክሬ አውቃለሁ፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ፍትሐቱ አርብ ገበያ ተፈታ። ለዘጠኙና ለሦስቱ ተራ ጧፍ በራላቸው። የአስማረ ግን በቁመቱ ልክ ስለሆነ ተጠቅልሎ፣ እየተፈታ ነደደ። ጸሎቱ አለቀ። የሌሎቹ ጧፍ ሁሉ ጠፋ። የእሱ ገና ነበር። ሰው መንቀሳቀስ ሲጀምር እማሆይ የብርሃኑን ሙቀት በመዳፋቸው ፈልገው አገኙና «ቆዩ» አሉ፤ «መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው።»

ቆመን ጠበቅነው።