በእትዬ ጥሩነሽ ፊርማ የወጣሁ ልጅ

እህቴ ሰናይት ደውላ ስትነግረኝ ሦስት ጊዜ ነው «የትኛዋ ጥሩነሽ?» ያልኳት። ሌላ ጥሩነሽ የማውቅ ይመስል!

እትዬ ጥሩነሽ ሞቱ። ዛሬ ንጋት ላይ፣ ሳንሱሲ ቤታቸው። ኧረ እኔ ባለፈው እሑድ አውርቻቸዋለሁ እኮ! «ድምፅሽ ቀጥኗል፣ ብይ እንጂ!» ብለው ተቆጥተውኛል። እንዴት ብዬ ልመን?

ለማታውቋቸው፦ እዚህ ኮልፌ፣ እኔ በተማርኩበት የቤተ ክርስቲያን የሴቶች ትምህርት ቤት የአዳሪዎች ኃላፊ ነበሩ። ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

ከደጀን ስመጣ ከቤት ወጥቼ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። አስር ሰዓት ሲሆን የቀን ተማሪዎቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እየተሳሳቁ ወደየቤታቸው ይወጣሉ፤ እኛ አዳሪዎቹ እንቀራለን። ያቺ ሰዓት ትገድለኝ ነበር። አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተደብቄ ስነፋረቅ አገኙኝ። ማባበል የለ፣ እሹሩሩ የለ።

«መጀመሪያ ፊትሽን ታጠቢ። ለቅሶው የትም አይሄድብሽም።»

ታጠብኩ። የዚያ ቧንቧ ውሃ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። «በይ አሁን ቀጥይ» አሉኝ፣ እዚያው ቆመው። እንዴት ብዬ ልቀጥል? ሳቄ መጣ።

አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ እናቴ ሞተች። ሀገር ቤት ይዘውኝ የሄዱት እሳቸው ናቸው። አዳሪ ተማሪ ብቻዋን ከግቢ አትወጣም፤ የሚወስዳት ሰው መውጫ ደብተሩ ላይ የምትመለስበትን ቀን ጽፎ ይፈርማል። እትዬ ፈረሙና ወጣን።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተቀምጦ አጎቴ ተነሳ። «መሠረት ከእንግዲህ የትም አትሄድም። ይቺን የአምስት ዓመት ልጅ ማን ያሳድግ?» አለ። ልጅቷ ሰናይት ናት፤ ቀሚሴን ጨብጣ ቁጭ ብላለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ትምህርቴንም ከእናቴ ጋር ቀብሬው ጨርሻለሁ።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«ነፍስ ይማር። የትንሿ ነገር ያሳስባል፣ አልዋሽም። ይቺኛዋ ግን በኔ ፊርማ ነው የወጣችው። ሳልመልሳት ብገባ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ለቅሶ ልደርሳችሁ ብመጣ እስር ቤት ልታስገቡኝ ነው?»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ፊርማ ካለበትማ...» አሉ። «ኧረ ፊርማ ክፉ ነው» አሉ ከጎናቸው ያሉት። አክስቴ ይሄኔ «ሰናይት እኔ ጋ ትሁን» አለች። እትዬ ሳይቀመጡ ቀጠሉ፦ «ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ እሷንም አምጡልኝ።»

ስንመለስ አውቶብስ ላይ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ እውነት ያስሩዎት ነበር?»

«ማን አባቱ ነው የሚያስረኝ?» ብለው ሳቁብኝ። «ደብተሩ ላይ ‹ቀረች› ብዬ እሰርዝሽ ነበር። መሰረዝ ደግሞ አልወድም።»

ያቺ የአምስት ዓመት ልጅ ዛሬ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ እዚያው አዳሪ። ለፈተናዋ ሦስት ሳምንት ነው የቀራት። ጠዋት መርዶውን ከነገረችኝ በኋላ «መሲዬ፣ ነይና አውጪኝ። ፈተናውም ይቅርብኝ። እሳቸው የሌሉበት ዶርም አልመለስም» አለችኝ።

ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? «መጀመሪያ ፊትሽን ታጠቢ።»

«አንቺም?!» ብላ ጮኸችብኝ።

ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ተሳፍሬ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መውጫ ደብተሩን ሰጡኝ። ስሟን ጻፍኩ፣ ስሜን ጻፍኩ። የምትመለስበት፦ ነገ፣ አስራ አንድ ሰዓት። ፈረምኩ። ሰናይት በትከሻዬ በኩል አየችው።

«እንዴ! ነገውኑ?»

«ነገውኑ። ከቀብር ቀጥታ።»

ተኮሳተረች። ትኮሳተር። እትዬ ዓባይን ተሻግረው ከድንኳን መሃል አውጥተው መልሰውኛል፤ እኔ እህቴን ከሳንሱሲ መመለስ ሊያቅተኝ ነው? በፍጹም። ፈተናው እስኪያልቅ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ፤ እሷም ታጠናለች።

ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት ነው፣ እዚያው ሳንሱሲ። የዶርም ልጆች፣ የቀን ተማሪዎችም፣ እንዳትቀሩ። ሰበብ አልሰማም። እሳቸው ቤት ምሳ ያልበላች፣ ቁጣቸውን ያልቀመሰች የለችም።

እትዬዬ፣ እንግዲህ በሰላም ይሂዱ። እርስዎን ፈርሜ የማስመልስበት ደብተር የለኝም፤ ቢኖርማ አሁኑኑ እፈርም ነበር። እርስዎ ያስመጧት ልጅ ግን አትሰረዝም። ትመለሳለች፣ ትፈተናለች። ፊርማዬ አለበት።

ፊቴን ታጥቤያለሁ እትዬ። አሁን ላልቅስልዎት።