ዝም ያሰኘሁት ቤት

ባለፈው እሁድ ልጄ ማህሌት፣ ሞምባሳ ለምትኖረው እህቴ ለሂሩት የልደት ምኞቴን በስልኳ ልትቀርጽ ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ገና አፌን ስከፍት ጓዳ ውስጥ ባለቤቴን የድስት ክዳን አመለጣት።

"ማሚ፣ ፕሊስ! ሪኮርድ እያደረግኩ እኮ ነው!" አለችና አቋረጠችው። እንደገና ጀመርን። የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ አሁንም አቋረጠችው። ሦስተኛ ጊዜ ልታቋርጠው ስትል ደሜ ፈላ።

"ተይው! አታቁሚው!" ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ክው አለች። ምን ታድርግ፣ የተቆጣሁት በእሷ እንዳልሆነ በምን ታውቃለች?

እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ኢስትሊ በሚባለው ስደተኛ የበዛበት ሰፈር፣ ከሱቆች በላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። ስልክ እንደዛሬው አልነበረም። ደሴ ካለችው ከእናቴ ታላቅ እህት፣ ከእትዬ አልማዝ ጋር የምንገናኘው በካሴት ነው። በአንዱ ገጽ እኛ እንቀዳለን፤ በሞያሌ በኩል የሚመላለስ ነጋዴ ይወስድልናል። እሷም በሌላው ገጽ መልሷን ቀድታ ያንኑ ካሴት ትልካለች። ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። ስንት ወሬ እንዲህ በወሬ ተደምስሶ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

የቴፑ አዛዥ እኔ ነበርኩ። አንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ በጭቃ አድርጎት ሁላችንም ቤት ተከማችተናል። እማዬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ በጎመን ፈንታ የለመድነውን ሱኩማ ትከትፋለች። አባቴ እያሳለ ጫማውን ይወለውላል። ሂሩት የስዋሂሊ ትምህርቷን ጮክ ብላ ትሸመድዳለች። ከታች የማታቱው፣ የሚኒባሱ ረዳት "ታውን! ታውን!" እያለ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ተሳፋሪ ይጠራል። እኔን አሳፈረኝ። ውጭ አገር ያለን ሰዎች እንዲህ ስንንጫጫ እትዬ አልማዝ ብትሰማ ምን ትላለች? መስኮቱን ዘጋሁ፤ ሂሩትን በኩርኩም ጸጥ አሰኘኋት። አባቴ ባሳለ ቁጥር እያቆምኩ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ እንደገና ቀዳሁ። የእማዬንም ቢላዋ ቀማኋት።

"ልጄ፣ እየከተፍኩ ባወራ ምን አለበት? እጄ ሥራ ሲይዝ ነው አፌ የሚፈታው" አለች።

"የለም እማዬ፣ በሥርዓት ነው" ብዬ የጻፍኩላትን ወረቀት ሰጠኋት። አነበበችው።

ከሁለት ወር በኋላ የእትዬ አልማዝ መልስ መጣ። "ሰላምታችሁ ደርሶኛል። ግን ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ የራዲዮ ዜና? ጠዋት ምን ትበላላችሁ? ማን ቀድሞ ይነሳል? ትንሿ ሂሩትስ አሁንም ስትነቃ ትነጫነጫለች? እሱን አሰሙኝ እንጂ!"

አኮረፍኩ። እማዬ እንደገና እንቅዳ ብትለኝ "እኔ የለሁበትም" አልኩ። ቴፑን ያለእኔ የሚነካ ስላልነበር ካሴቷ ሳይቀዳባት ቀረች።

እማዬ ካረፈች ዓመታት አለፉ፤ ድምፅዋ ያለው እዚያች ካሴት ላይ ብቻ ነው። "ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር ሌላ ሐሳብ የለብንም።" ድምፁ የእሷ ነው፤ ቃሉ የእኔ። በሰማሁት ቁጥር ምነው ያንን ወረቀት ያኔ በቀደድኩት እላለሁ። መጨረሻው ላይ ብቻ፣ ጣቴ ስለዘገየ፣ እውነተኛዋ እናቴ አንድ ጊዜ ብቅ ትላለች። "አበቃ? በል እንግዲህ ቢላዋዬን መ..." ቀጭ። ይኸው ነው ያለኝ።

ይህን ሁሉ ለማህሌት ነገርኳት። ስልኳን አነሳችና፣ "እሺ አባዬ፣ ታዲያ ምን ልቅረጽ?" አለችኝ።

"ጓዳ ግቢና ቅረጪ፤ እናትሽን ምንም እንዳትያት" አልኳት። ተከትያት ሄድኩ። ባለቤቴ ስልኩን ስታይ ማማሰያዋን አስቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ውድ ሂሩት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን..."

ተስፋ ቆርጬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ያን ጊዜ ከኋላዋ የሽንኩርቱ ማረር ሸተተኝ። ማህሌት እንዳታቆመው ክንዷን ያዝኩና፣ ባለቤቴ እስክትጮህ ድረስ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።