ለቅሶ ደራሹ አልጋ ሠሪ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ጠብ ይለዋል? ጎረቤቴ አናጢው መልሱ አፉ ላይ ነበር፤ «ምንም። መጀመሪያውኑ ባይወለድ ይሻል ነበር።» ይህን የሚለው ደግሞ የሕፃን አልጋ እየላገ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ሌላ ሠርቶ አያውቅም።

«መውለድ ጥፋት ነው ካልክ አልጋውን ለምን ትሠራለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አንዴ ከመጡ ወዲያ መሬት ላይ ይተኙ እንዴ? ጥፋቱ የወላጅ ነው፤ እነሱ ምን አደረጉ?»

እምነቱን ያገኘው ከመጻሕፍት ነው። አለመወለድ ይበልጣል ያሉ አሳቢዎች በየዘመኑ ነበሩ፤ በግጥም የተናገሩት፣ በሥዕል ያሳዩትም አሉ። አናጢው ሁሉንም እንደ አክስቱ ልጆች ያውቃቸዋል፤ «ጢማሙ»፣ «ኩርፍተኛው»፣ «ባለ ውሻው» እያለ ነው የሚጠራቸው። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቅ መጀመሪያ የባለ ውሻውን ሐሳብ ያቀምሰዋል።

«ያልተወለደ ሰው ጥርሱን አያመውም። ወረፋ አይጠብቅም። አማት የለውም።»

«አባባ፣ እኛ እኮ የመጣነው ለአልጋ ነው።»

«አውቃለሁ። እግዜር ያጽናችሁ።»

ጉዱን ያመጣው ይኸው ነው። እርግዝና ሲሰማ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አይልም፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ያጽናናል። ከምሩ ነው። ፅንስ በተደጋጋሚ የጨነገፈባት አንዲት ልብስ ሰፊ ይህን ተቀብላ ሄደች፤ መንታ ወለደች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው። ነፍሰ ጡሮች አልጋ እንኳ ሳይገዙ ሊለቀስላቸው ይመጡ ጀመር። ተናዶ ሲጮህባቸው «ዛሬማ አብዝተው አለቀሱልኝ» እያሉ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። የሰው ዘር ቢቀር ይሻላል ብሎ የተከራከረ ሰው ሰፈሩን በሕፃን አጥለቀለቀው።

በመጨረሻ አፉን ዘጋ። ከእንግዲህ ማንንም አላጽናናም ብሎ ማለ። ብዙም ሳይቆይ የእህቱ ልጅ መጣች። እናቷ ስትሞት ያሳደጋት እሱ ነው። ከዚህ በፊት ሁለቴ ጨንግፎባታል፤ አሁን ሆዷ ገፍቷል፣ ፍርሃቷም አብሮ ገፍቷል። እኔ ለወግ ብቅ ብዬ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ጋሼ፣ በለኝ።»

«ምን ልበልሽ?»

«ታውቀዋለህ።»

«ጥንቆላ አደረጋችሁት እኮ። እኔ ያለኝ ሐሳብ ነው።»

«ሐሳብህን ያዘው። ያጽናሽ በለኝ።»

«ሐኪም ቤት ሂጂ።»

«ከዚያ ነው የመጣሁት። ነርሷ ናት ወደ አንተ የላከችኝ።»

እምቢ አለ። እሷም የጣውላ ክምር ላይ ዘፍ ብላ አልነሳም አለች። መላጊያውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ። ቢላት ልጁ እንዲወለድ መመኘቱ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የተከራከረበትን ነገር በገዛ አፉ ያፈርሰዋል። ባይላትና አንድ ነገር ቢደርስባትስ? ዓይኗን ማየት አቃተውና ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄኛውን ጢማሙ አልጻፈውም» አለኝ።

ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዜር ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ።» ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «በይ አሁን ሂጂና ጋደም በይ።»

ሕፃኑ በሰላም ተወለደ። አናጢው ሠርቶ ከጨረሳቸው ሁሉ ያማረውን አልጋ ተሸክሞ ሄደ። መንገድ ላይ ሲዘል አየነው የሚሉ አሉ፤ እሱ ድንጋይ አደናቅፎኝ ነው ይላል። ሕፃኑን አቅፎ፣ ሳይጠየቅ ወደዚህ ዓለም ስለመጣ በሰው ልጅ ስም ይቅርታ ጠየቀው። ሕፃኑ ሸናበት።

«ተግባብተናል» አለ፣ ሸሚዙን እያራገፈ።

ዛሬ ኳስ ሜዳው ዳር ቆሞ የአናጢውን ስም ለጠራ ሰው፣ ግማሹ ቡድን ዞር ይልለታል፤ በረኛው የእህቱ ልጅ ልጅ ነው። አናጢው ግን ያን ቀን ሕፃኑን ለእናቱ መልሶ ሲያስታቅፍ፣ ክፍሉን የሞላውን ዘመድና ጎረቤት አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመነው፦

«አደራችሁን፣ ማንንም በእኔ ስም አትጥሩ። ስሜ እንኳ ከእኔ ጋር ይረፍ።»