የማጉያው ልብስ

ወረታ ውስጥ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚታጠፈው መንገድ ዳር፣ ከሩዝ መፈልፈያው ጎን አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችን። በሯ ላይ «ሬዲዮ እንሠራለን» የሚል ተጽፏል። ሰው ይህን ሲያነብ ጥገና ቤት ይመስለውና የማይጮህ ቴሌቪዥን፣ የማይሞላ ባትሪ፣ አንድ ጊዜማ የማይግል ካውያ ተሸክሞ ይመጣል። አንመልስም፤ እንሠራለታለን። የእኔና የባልደረባዬ ዋና ሥራ ግን የሬዲዮ ሞገድ ማጉያ መሥራት ነው። ማጉያ ማለት ከሩቅ ደክሞ የመጣን ድምፅ ተቀብሎ፣ ጉልበት ሰጥቶ፣ ወደ ሌላ ሩቅ የሚልክ ሣጥን ነው።

ይህ ሥራ ፎገራ ሜዳ ላይ ምን ያደርጋል ለሚለኝ ሰው መልሴ የጉማራ ወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከላይ፣ ደጋው ላይ ይጥልና ውኃው ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ይደርሳል። ባለፈው ክረምት በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ጥጆችና አዲስ የተተከለ ሩዝ ይዞ ሄደ። ስልክ አለ እንዳይባል፣ ዝናብ ሲጥል መብራት ይጠፋል፣ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የላይና የታች ቀበሌ ሰዎች መክረው አንድ ነገር ወሰኑ። ድልድዩ አጠገብ ያለ ሰው የውኃውን ከፍታ እያየ በእጅ ሬዲዮ ይናገራል፤ ድምፁ መሐል ላይ በሚቆም፣ በባትሪ በሚሠራ ማጉያ በርትቶ ታች ድረስ ይሄዳል። ማጉያውን እንድንሠራ እኛ ተጠየቅን። ዝም ባለ ቀን ውኃው ሳይነገር ይመጣልና ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀንም ዝም ማለት አይችልም።

መሐሉ ደግሞ የአባቴ ደብር ሆነ። ሜዳው ላይ ከፍ ያለ መሬት ያለው እዚያ ብቻ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። አገሩ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም ከተማሪዎቻቸው መሐል ስላደግሁ እንደዚያው ነው የምጠራቸው። ከደወሉ ሥር ያለችው ክፍል ቁልፍ በእሳቸው እጅ ስለነበር ሣጥኑ ለእሳቸው አደራ ተሰጠ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ያለኝም የፈራሁትም ስለዚህ ነው። የስንቱን ልጅ አስተምረው ለወግ ያበቁ ሰው የእኔን ሙያ «ያ የሽቦ ነገር» ብለው ነበር የሚጠሩት።

አያውቁትም እንጂ፣ የሽቦውን ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ተማሪ ትምህርቱን ሲያሰማ አንዲት ድምፅ ከሳተ «ከሥሩ» ይላሉ፤ ልጁ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እኛም ሱቃችን ውስጥ ሕጉ ይኸው ነው። አንድ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ አምፖል አስገብተን ፍሪጁን ማሞቂያ አድርገነዋል። ሠርተን የጨረስነውን ማጉያ እዚያ ውስጥ እያሠራን ሦስት ቀን እናቆየዋለን። በሦስተኛው ቀን ማታ አንዴ ቢደነቃቀፍ፣ ከሥሩ። ከዚያ ባጃጅ ላይ ጭነን ከይፋግ ገበያ ወደ ውስጥ በሚገባው የጠጠር መንገድ እናመላልሰዋለን። ባልደረባዬ ይህን ፈተና ይጠላዋል፤ ማጉያው ሳይነቃነቅ ወገቡ ይነቃነቃልና።

የዚህኛው ማጉያ ትልቁ ፈተና ግን ሰላምታ ነበር። የሬዲዮ መጻሕፍት ሰው አንድ ደቂቃ ተናግሮ አምስት ደቂቃ ዝም ይላል ብለው ያስባሉ፤ ማጉያውም በዝምታው ሰዓት ይቀዘቅዛል። የእኛ አገር ሰው ግን «ውኃው ጎድሏል» ለማለት መጀመሪያ እንደምን እንደዋልህ፣ ልጆች እንደምን እንደሆኑ፣ ላሟ እንደወለደች፣ ሩዙ እንደያዘ፣ አማትህ ጉልበቷ እንደተሻላት ይጠይቃል። የተጠየቀው ደግሞ በተራው ይጠይቃል። አንድ ቀን አዳምጬ ባልደረባዬን «ይህን ማጉያ ለሰላምታ ነው የምንሠራው» አልሁት። ድምፁን የሚያጎሉት ትራንዚስተሮች ከሚችሉት ጉልበት በግማሹ ብቻ እንዲሠሩ አደረግን፤ ሙቀት የሚያስወጡትን የአሉሚኒየም ክንፎችም እጥፍ አበዛናቸው። ነፋስ የሚስብ ማራገቢያ አላደረግንበትም፤ የሩዙ ገለባ ብናኝ ይዘጋዋል። እንዲህም ሆኖ ከጋለ ተቃጥሎ ከሚቀር ራሱን አጥፍቶ ቀይ መብራት እንዲያበራ አደረግሁት። በራሴ ሥራ እንዲህ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ሰኔ ላይ ተከልነው። ሳምንት ሳይሞላው የኔታ ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጀ፣ ያ ነገርሽ ዓይኑ ቀላ።»

«መቸ?»

«ከቀትር በኋላ። ደክሞት ይሆን?»

እየበረርሁ ሄድሁ። ባጃጁ እስከሚደርስበት ደርሼ፣ የቀረውን በሩዝ ማሳው ድንበር ላይ እየተንሸራተትሁ ደረስሁ። ማጉያው ጠረጴዛው ላይ ተወልውሎ ተቀምጧል፤ አቧራ እንኳ የለበትም። ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። አበራሁት፤ ሠራ። ተሸክሜው ወረታ መጣሁና ሦስት ቀን ፍሪጁ ውስጥ ጠበስሁት። ምንም አልሆነም። መልሼ ተከልሁት። በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፤ ዓይኑ ቀላ።

ትራንዚስተሮቹን ቀየርሁ። ሙቀት የሚለካውን ክፍል ቀየርሁ። የገለባውን ብናኝ ሰደብሁ። በመጨረሻ ባልደረባዬን «ብየዳህ ነው» አልሁት። አኮረፈ፤ ለምሳ እንኳ ተለያይተን በላን። ሐምሌ እየገፋ፣ ጉማራም እየደፈረሰ ነበር። የታች ቀበሌ ሰዎች እኔን ሲያዩ «ሣጥኗ ዳነች?» ብለው ይጠይቁኝ ጀመር፤ እንደ ታመመ ዘመድ። አላሾፉብኝም፣ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ያ ይበልጥ አሳመመኝ።

አንድ ቀን ሐሙሲት ለሌላ ሥራ ውዬ ስመለስ፣ ሳልደውል፣ ከመንገድ ወርጄ ወደ ደብሩ አቀናሁ። የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማሪ ሲያሰማ ያዳምጣሉ። እኔን ሲያዩ ደስታም ድንጋጤም ፊታቸው ላይ ተደባለቀ፤ ተማሪውን ትተው ተነሡ።

«ምነው ሳትነግሪኝ? ቆይ፣ አንድ ጊዜ ጠብቂ!»

ጉልበታቸው እንደሚያማቸው የማውቃቸው ሰው ወደ ደወሉ ክፍል በሩጫ ገቡ። እኔም ሮጥሁና ከኋላቸው ገባሁ። ማጉያው የለም። ማጉያው በነበረበት ቦታ በአራት የታጠፈ ነጠላ የለበሰ ነገር ተቀምጧል። ነጠላው ሲነሣ ከሥሩ ቀይ ከፋይ ወጣ፤ ጠርዙ ላይ የወርቅ ክር ያለበት። የቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ መጋረጃ መሰለኝ። ሽቦዎቹ ብቻ በጥንቃቄ በጎን ወጥተዋል። ከከፋዩ ሥር እጄን አግብቼ ክንፎቹን ብነካቸው ተለበለብሁ።

«የኔታ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነዋ።»

«ማን አልብሱት አለዎ?»

«ማን ይበለኝ? ቃል የሚያልፍበት ነገር ራቁቱን ይቀመጣል?»

«ታዲያ እኔ ስመጣ አንድ ቀን እንኳ ሳላየው?»

«አንች ስትመጪማ ገልጨ እጠብቅሻለሁ። መጽሐፍ ሲነበብ ከነልብሱ ይነበባል?»

መጮህ ፈልጌ ነበር። በየኔታ ላይ ግን አይጮህም። ቀስ ብዬ፣ ይህ ነገር የሚተነፍሰው በእነዚህ ክንፎች እንደሆነ፣ ሰው በሐምሌ ወበቅ ሦስት ጋቢ ደርቦ እንደማይተኛ ነገርኋቸው። አዳመጡኝ፤ ተማሪ የሚያሰማ ይመስል ዓይናቸውን ከድነው አዳመጡኝ።

«አላልሽኝም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ስተክለው የሰጠኋቸው ወረቀት ላይ ውኃ አይንካው፣ አይውደቅ፣ ሽቦው አይነቀል ይላል። አትሸፍኑት የሚል የለም። ለሙቀት አሰብሁ፣ ለአቧራ፣ ለመብረቅ፣ ለባጃጅ፣ ለአማት ጉልበት አሰብሁ። በመሪጌታ ቤት አድጌ፣ የከበረ ነገር ሁሉ ተሸፍኖ ሲቀመጥ እያየሁ አድጌ፣ አባቴ የልጃቸውን ሥራ ያከብሩት ይሆናል ብዬ አንድ ጊዜም አላሰብሁም። አፈርሁ።

እንዳይሸፍኑት ለመንኋቸው፤ እሺ አሉ። ከፋዩን አጣጥፈው ያዙና ሣጥኑን ዝናብ ላይ የቀረ ልጅ እንደሚያዩ አዩት። ያን ጊዜ ነገሩ እንደማይሆን ገባኝ። አውቃቸዋለሁ፤ እኔ ገና ማሳውን ሳልሻገር «ጫፉን ብቻ» ብለው ይሸፍኑታል።

ወረታ ተመልሼ መጀመሪያ ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅሁት። ነገሩን ስነግረው መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ፤ ከዚያ እንባውን ጠርጎ «እንግዲያው የሚሸፈን እንሥራለት» አለ። እኔም ሌላ ያሰብሁት አልነበረም። ሰዎቹን ከመቀየር ሣጥኑን መቀየር ይቀላል። ክንፎቹን አየር ከታች ወደ ላይ እንዲያልፍባቸው አቆምናቸው። በዙሪያው ከቀጭን ብረት፣ ከሣጥኑ አራት ጣት የራቀ፣ እግር ያለው መደገፊያ ሠራን። ሥሩን ክፍት ተውነው፤ ከላዩ ደግሞ የሞቀው አየር የሚወጣባት፣ ጨርቅ ሊዘጋት የማይችል ቆብ አደረግንለት። ከዚያ የባልደረባዬን ጋቢ አልብሰን ፍሪጁ ውስጥ ከተትነው። በሁለተኛው ቀን ቀላ። ከሥሩ። ቆቧን ከፍ አደረግናትና እንደገና ሦስት ቀን። አለፈ። ጋቢው ግን አምፖል ነክቶት ተበሳ፤ እስከ ዛሬ ይነግረኛል።

የኔታ አዲሱን ሣጥን ዞረው ዞረው አዩት። መደገፊያው ላይ ከፋዩን በእጃቸው አለበሱት፣ ጠርዙን አስተካከሉ፣ ከቆቧ በላይ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆዩና «ይተነፍሳል» አሉ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ከሰዓት፣ ሱቃችን ጠረጴዛ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንጫጫ። የድልድዩ ሰው ነው። «ውኃው ምልክቱን አለፈ! ከብት አውጡ!» አለ። ከታች አንዱ ሰማሁ አለ፤ ሌላው ሰማሁ አለ። ከዚያማ ማን ያቆመዋል። የእገሌ በሬ የት አለ፣ አሮጊቷን ማን አዘላት፣ ጀልባው በየት በኩል ነው፣ በመሐልም «ለመሆኑ እናንተ ደኅና ናችሁ?» ማጉያው ትንፋሽ የሚወስድበት ፋታ እንኳ የለም። እኔ ሰዓት እያየሁ፣ ባልደረባዬ የእኔን ፊት እያየ ቆመናል። በሩ ላይ ሩዝ ሊያስፈለፍል የመጣ ሰው ነገሩ ገብቶት ከረጢቱን አስቀምጦ አብሮን ቆመ። አንድ ሰዓት አለፈ። ድምፁ አልተቆረጠም። ከዚያ ደብሩ ከደረሰ ሰው ድምፅ በስተጀርባ ደወል ሰማን፤ የኔታ ናቸው የሚደውሉት።

ማታ ሁሉም ከብት የቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ እንደወጣ ተነገረን። የጠፋችው አንዲት ዶሮ ነበረች፤ እሷም በማግስቱ ጣሪያ ላይ ተገኘች።

መስከረም ላይ ውኃው ሲጎድል የኔታን ልጠይቃቸው ሄድሁ። ቤታቸው ገብቼ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። በወጣትነታቸው በእጃቸው የጻፉት ጾመ ድጓ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንድንነካው የማይፈቅዱልን መጽሐፍ፣ በሩዝ ማዳበሪያ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። ያን ጊዜ ነው ቀዩን ከፋይ የት እንደማውቀው ያስታወስሁት። የወርቅ ክሩንም አስታወስሁት፤ የሰፋችው እናቴ ነበረች።

ወረታ ተመለስሁ። በቅዳሜ ገበያ አዲስ ከፋይ ገዝቼ ይዤላቸው ሄድሁ።

«ይኸንን ለማጉያው ያድርጉለት» አልኋቸው። «አሮጌውን ለመጽሐፉ ይመልሱለት። ደግ አይደለም፤ መጽሐፉ ማዳበሪያ ለብሶ፣ የእኔ ሽቦ ከፋይ ለብሶ።»

አዲሱን ተቀብለው በጣታቸው ደባበሱት፣ መረቁኝ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መጽሐፉንማ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቢጠፋ ቁጭ ብየ እጽፈዋለሁ» አሉ። «ያንችን ግን በቃሌ አላውቀው። እሱ ቢጠፋብኝ ከየት አመጣዋለሁ?»

አዲሱን ከፋይ መጽሐፉ ለበሰው። የእናቴ ክር ያለበት እስከ ዛሬ ማጉያው ላይ ነው።