ቅዳሜ ሊነገር የነበረ መርዶ

አስካለማርያም ልጆችን ማስለቀስ የጀመረችው ሙሾ ማውረድ እንጀራ መሆኑ ካበቃ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በቦንጋና በዙሪያዋ ለቅሶ በተቀመጠበት ሁሉ እየተጠራች፣ ሟቹን በስሙና በሥራው እያነሣች ስታላቅስ ኖራለች። አያቷ ከሹማምንት ጋር ከሰሜን ወርደው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ ሙሾውን ግን የወረሰችው ከእናቷ ነው። ኋላ ላይ ሰባኪው ሙሾን ነቀፈ፣ ዕድሩም «ሰዓት ይከበር» ማለት አመጣ፣ አልቃሽን የሚጠራት ሰው ጠፋ።

በ1997 ዓ.ም. ስለ ወላጅ አልባ ልጆች ትያትር የሚያሠራ አንድ ፕሮጀክት ከተማው ገባ። አስተባባሪው ሰብሃት፣ ለጋ ልጆችን መድረክ ላይ የሚያስለቅስለት ሰው ሲያፈላልግ፣ ያገኘው ሁሉ ወደ እሷ ጠቆመው።

አስካለ ሥራውን ስትረከብ ልጆቹ ክፉ ልማድ ይዘው ቆይተዋት ነበር። ግማሾቹ በመሐረብ ሽንኩርት ቋጥረዋል፤ ግማሾቹ ጭናቸውን መቆንጠጥ ተምረዋል። ከሁሉ የከፋው ግን «እናቴ ብትሞትስ» ብሎ ማሰብ ነው። ይህንን ያስተማራቸው ማን እንደሆነ ጠይቃ፣ ሰብሃት መሆኑን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ።

«የራሳችሁን ሰው እዚህ እንዳታመጡ» አለቻቸው። «እዚህ የሚለቀሰው ለሌለ ሰው ነው። የቤታችሁን ለቅሶ እግዜር ራሱ በጊዜው ያመጣዋል፤ ምን አስቸኮላችሁ?»

እሷ የምታስተምረው ማዛጋት ነው። አፍን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ማዛጋት፤ ማዛጋቱ መውጫ ሲያጣ በዓይን ይመጣል። ከዚያ ቃሉን እመሐሉ ላይ ሰብሮ መዋጥ። ትከሻ አይንቀጠቀጥም፤ የሚንቀጠቀጠው ሆድ ነው። ሃያ ዓመት ለማታውቃቸው ሰዎች ስታለቅስ የኖረች ሴት፣ የሰው ሐዘን ሳይነካ እንባ የሚገኝበትን መንገድ ካላወቀች ማን ያውቃል? የተማረው ሰው ግን እንባን ከቁስሉ ካልቀዳው እውነተኛ አይመስለውም። በቁስል ጣት መስደድን ጥበብ ብሎ ይጠራዋል።

የወላጅ አልባዋን ልጅ ቦታ ይዛ የምትጫወተው የጃፈር ልጅ ጁወይሪያ ነበረች፤ ዐሥር ዓመቷ ነው። ጃፈር ገበያው ዳር ማርና ኮረሪማ የሚነግድ፣ አባቱ ከወራቤ በኩል የመጡ ሰው ነው። መጀመሪያ አልፈቀደም፤ «በእኛ ዘንድ ሙሾ ክልክል ነው፣ እትዬ አስካለ» ብሏት ነበር።

«ሙሾ መች አስተማርኳት፣ ጃፈር ወንድሜ? ማዛጋት ነው የማስተምራት» ብትለው ስቆ ፈቀደ።

ችግሩ ጁወይሪያ ማልቀስ አለመቻሏ ነው። ማዛጋቱን ስትጀምረው ሣቅ ይቀድማታል፤ እሷ ስትስቅ ሌሎቹ ይከተሏታል። ሰብሃት ሰዓቱን እያየ ይብሰለሰላል። ሐሙስ ከአዲስ አበባ እንግዶች ካሜራ ይዘው ይመጣሉ። የአዳራሹን ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ቃል አይሰማም፤ ስለዚህ እንባው መታየት አለበት ይላል። ያ ዘመን የሪፖርት ዘመን ነበር። ያልታየ ነገር አይጻፍም፤ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ማክሰኞ ከሰዓት ጃፈር ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስካለን ወደ ዳር ጠራት። ጅማ ለሕክምና የሄደችው ባለቤቱ ሀኪማ እሑድ ዐርፋ፣ እዚያው ወገኖቿ ዘንድ ተቀብራለች። ለልጅቷ ገና አልተነገራትም። የሀኪማ እህት ፈርሐት ዓርብ ከጅማ ትመጣለች፤ ቅዳሜ ሲነጋ ሼህ ሰማንና ጎረቤቶቹ ባሉበት፣ አባቷ አቅፏት መርዶው ይነገራታል። ሐሙስን ግን ትጫወት አለ፤ «ከዚያ ወዲያ መቼ እንደምትስቅ አላውቅም»።

እናቷ የሞተችባትን ልጅ፣ እናቷ የሞተችባት ልጅ ሆነሽ ተጫወቺ ማለት አስካለን ከበዳት። ጠዋት ሰብሃት ዘንድ ሄዳ ነገሩን ነገረችው፤ የጁወይሪያን ቦታ ከልጆቹ ለአንዷ፣ ለማርቲ፣ እንዲሰጥላት ለመነችው። ሰው ይህን ከሰማ ያፍራል ብላ ነበር። ሰብሃት ራሱን ነቀነቀ፣ በጣም ማዘኑን ተናገረ፣ ግን አባትየው ራሱ ትጫወት ካለ እኛ ምን አገባን አላት። ምስጢሩንም እንደሚጠብቅ ቃል ገባላት።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም አለ። ጃፈር ፊት ለፊት ተቀመጠ። አስካለ በመድረኩ ግራ፣ ጁወይሪያ በቀኙ፣ ከአቡጀዲው መጋረጃ ኋላ ቆመዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልጅቷ የምትወጣበት ሰዓት ሲደርስ ሰብሃት በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ትከሻዋን ይዞ፣ ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ሲል አየችው። የተናገረው አልተሰማትም፤ መስማትም አላስፈለጋትም። መርዶ ሲገባበት ያየችው ፊት ብዙ ነው። ወደዚያ ሳትሻገር ሰብሃት ልጅቷን ገፋ አድርጎ ወደ ብርሃኑ ለቀቃት።

ጁወይሪያ እመድረኩ መሐል ደርሳ ቆመች። ከዚያ «እማዬ» የሚለው ጩኸቷ ዝናቡን አልፎ ተሰማ። ወደቀች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ካሜራው ቀረበ። ጃፈር ብቻ እጁን አላነሣም፤ ልጁን ትክ ብሎ አያት።

አስካለ ወደ መድረኩ ወጣች። የለቅሶ ድምፅዋን ከዓመታት በኋላ አወጣችው።

«አታጨብጭቡ። ይህ ትያትር አይደለም። ሀኪማ እሑድ ሞታለች፤ ለልጅቷ አሁን ከመጋረጃ ኋላ ተነገራት።»

ጭብጨባው ተቆረጠ። ያጨበጨቡት ሰዎች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። እንግዶቹም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ተነሡ። ካሜራው ግን ሥራውን ቀጥሎ ነበር፤ የአዳራሹ ዘበኛ ቢሻው ባርኔጣውን መስተዋቱ ላይ እስኪደፋበት ድረስ። ጃፈር ልጁን በኮቱ ጠቅልሎ ይዟት ወጣ።

ሰብሃት አስካለን ከደጅ ጣራው ሥር አገኛት። ፕሮግራሙን እንዳበላሸችበት ነገራት፤ ደግሞም ልጅቷ ዞሮ ዞሮ መስማቷ አይቀርም ነበር አለ። እስከዚያ ቀን አንቱ ትለው ነበር።

«መሞትስ ለማን ይቀራል? አይቀርም ተብሎ ዛሬ ልግደልህ?» አለችው። «ሃያ ዓመት በሰው ሞት እንጀራ በልቻለሁ። አንድም ቀን ግን የሞተውን እኔ ቀድሜ አልተናገርኩም። ለመናገሩ ባለቤት አለው። አንተ የእናቷን ሞት ሰረቅካት።»

ከፕሮጀክቱ የዚያኑ ዕለት ተሰናበተች። ይልቅ ያንገበገባት ሌላ ነው፤ ምስጢሩን ለዚያ ሰው የሰጠችው ራሷ ናት። ማታ ጃፈር ቤት ሄዳ ይህንኑ አንድም ሳትደብቅ ተናገረች። ጃፈር አልረገማትም፤ ይቅርም አላላት። በመጨረሻ ቅዳሜ የሚመጡትን ሰዎች ይቅሩ ብሎ ሊልክባቸው እንደሆነ ነገራት። «ምን ቀርቶ ነው የሚነገራት?» አለ።

«አትላክ» አለችው። «ያ ሰው ያደረገው መርዶ አይባልም። ልጅህ የእናቷን ሞት ከአባቷ አፍ ትስማ።»

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሰዎቹ ጃፈር ቤት መጡ። ፈርሐት ጅማ ስታለቅስበት የሰነበተችውን ዓይኗን ታጥባ ገባች። ጁወይሪያ አባቷ ጭን ላይ ተቀመጠች። ሼህ ሰማን ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ልጅቷ ቀደመቻቸው።

«አውቃለሁ። እማዬ ሞታለች። ነግሮኛል።»

ሽማግሌው ጃፈርን አዩት፣ ወደ ልጅቷም ዞሩ።

«እኛ ግን አልነገርንሽም፣ ልጄ» አሏት። «እኛ ደግሞ እናውቃት ነበር።»

እናቷ ማን እንደነበረች፣ በሰርጓ ቀን ምን እንዳለች፣ ሕመሙን እንዴት እንደቻለችው፣ ልጇን ለማን አደራ እንዳለች፣ አስከሬኗን ማን እንዳጠበው፣ የት እንዳረፈች አባቷና ሽማግሌው እየተቀባበሉ አንድ በአንድ ነገሯት። ነገሩ ረጅም ነበር። ጁወይሪያ ሁሉንም ሰማች፣ መሐል ላይም የመቃብሩን ቦታ ደግማ ጠየቀች። ፈርሐት ነገረቻት። ያን ጊዜ ፊቷን በአባቷ ደረት ውስጥ ቀበረችው። ልቅሶዋ ከግድግዳው ወዲያ አልተሰማም።

አስካለ አልገባችም። የገበያ ሰው ማለፍ በጀመረበት መንገድ፣ በሩን በጀርባዋ ሸፍና ቆመች። ምን ተፈጠረ ብሎ አንገቱን የሚያሰግገውን ሁሉ እለፍ፣ እለፍ ትለው ነበር።