ይሻውና ባለ ጎማው ቤት

ደብረ ታቦር ውስጥ ይሻውን የሚያህል ፈሪ ተፈልጎ አይገኝም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ የቀሚስ ጥለት ሲገጥም የት ላይ እንደተገናኘ ዓይን አይለየውም። ግን ከመርፌና ከመቀስ በቀር የማይፈራው ነገር የለም። ውሻ ይፈራል። መብረቅ ይፈራል። ቀበሌ ትፈለጋለህ ከተባለ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም፤ ሄዶ ሲያየው ለካ ለጽዳት ዘመቻ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ደግሞ የሰው ዓይን ነው።

ለዚህስ ምክንያት አለው። ከዓመታት በፊት በቤት ማኅበር ተደራጅተው መሬት ሊሰጣቸው ነው በተባለ ጊዜ ደስታው ስላላስቻለው ለጎረቤት ሁሉ አወራ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ የመሠረቱ ድንጋይ ከየት ቢመጣ ይሻላል ተብሎ ምክር ተያዘ። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ ፈረሰና መሬቱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። «አዩና በሉኝ!» አለ ይሻው። ከዚያ ወዲህ ዶሮ እንኳ ሲገዛ በጋቢው ሥር ደብቆ ነው ቤቱ የሚገባው። ዶሮዋ መጮኋ መቼ ይቀራል፤ እሱ ግን ያልተሰማ ይመስለዋል።

ሚስቱ ጥሩወርቅ ሌላ ፍጥረት ናት። ገበያ ላይ ስትከራከር ድምጿ ከበሬ ተራ እስከ እህል ተራ ይሰማል። ልጅ እግዜር አልሰጣቸውም። ያላቸው ሁለት የስፌት ሲንጀር ብቻ ነው፤ እነሱን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ እያስጫኑ ሐሙስ ሐሙስ ሐሙሲት ገበያ ይወርዳሉ፣ በሌላው ቀን ደብረ ታቦር በረንዳ ተከራይተው ይሰፋሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖሩ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ጥሩወርቅ «ፈራሁ» ስትል የሰማት ሰው የለም፤ ይሻው የሁለቱንም ድርሻ ይፈራ ነበርና።

ችግሩ የቤት ኪራይ ነው። አከራያቸው እትዬ አሰለፈች አምፖሉ በራ ብለው ይቆጣሉ፣ ውሃ ተቀዳ ብለው ይቆጣሉ፣ የሲንጀሩ ድምፅ ራሴን በጠበጠኝ ብለው ይቆጣሉ። አንድ ክረምት ባልና ሚስት ከሐሙሲት ዝናብ እየደበደባቸው ሲመለሱ፣ አልጋቸው፣ ዱቄታቸው፣ ድስታቸው ሁሉ ደጅ ወጥቶ አገኙት። «ዘመድ መጥቶብኝ ነው፤ ምን ላድርግ እናንተዬ» አሉ እትዬ አሰለፈች በር ላይ ቆመው። ዱቄቱ ሊጥ ሆኗል። ጥሩወርቅ ዕቃውን አንድ በአንድ ሰበሰበች፤ ይሻው ግን እዚያው ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ። ሌላ ክፍል ተከራዩ፤ ያም ጣሪያው ያፈሳል፣ የዚያም አከራይ ከወዲሁ ማጉረምረም ጀምሯል።

እንግዲህ እንዲህ እያሉ ሳሉ ነው ጥሩወርቅ የቀሚስ ልክ ልትወስድ የሄደችበት ግቢ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ፣ ሸራ የለበሰ ትልቅ ነገር ያየችው። ገለጥ አድርጋ ብታይ መኪና ነው። ወደ ውስጥ ብትመለከት ደግሞ ቤት ነው! አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ አለው፣ በመስኮቱ ላይ መጋረጃ ተጋርዷል። ድሮ መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ይኖሩበት የነበረ ነው፤ ሲሄዱ ሸጠውት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እዚያ ግቢ ቆሟል። እየሮጠች መጣች።

«ይሻው! ቤት አገኘሁ! ጎማ ያለው ቤት! ማንም ውጡ የማይለን!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል» አለ ይሻው፤ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

ይሻው መኪና መንዳት ይችላል። በወጣትነቱ የአንድ እህል ነጋዴ ፒካፕ ነድቷል፣ መንጃ ፈቃዱንም እንደ ታቦት ጠቅልሎ አስቀምጦታል። መኪናዋ ርካሽ ናት፤ ርካሽ ሲባል ለነሱ ያላቸውን ሁሉ ጠራርጎ፣ የጥሩወርቅን የአንገት ወርቅ ጨምሮ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ ይሄዳል። መካኒክ ደግሞ ሞልቷል፤ የጥሩወርቅ የአጎት ልጅ እሸቴ ጋራዥ አለው።

«እሸቴን እንጥራውና ይያት» አለች።

ይሻው ጭንቅላቱን ያዘ። «እሸቴ ካወቀ ሚስቱ ታውቃለች። ሚስቱ ካወቀች እድሩ ያውቃል። እድሩ ካወቀ ያቺ መኪና ከዚያ ግቢ አትወጣም! የመሬቱን ጉዳይ ረሳሽው?»

«መሬቱንና መኪናዋን ምን አገናኛቸው አንተ ሰው?»

«በዓይናቸው በሏት ማለት ነው! እባክሽ ጥሩዬ፣ ይቺን አንዲት ጊዜ ስሚኝ። ገብተን ከተኛንባት በኋላ ለፈለግሽው ንገሪ።»

አየችውና አንጀቷን በላት። «እሺ፣ እንዳልክ» አለች።

ስለዚህ ይሻው ብቻውን ሊመረምር ገባ። መኪናዋን የሚያሻሽጠው ደላላ ባዩ ኮፈኑን ከፍቶ «ሞተሩን ተመልከት፣ ገና ልጃገረድ ነው» ይለዋል፤ ይሻው ስለ ሞተር ምን ያውቃል? እሱ የሚያውቀውን መረመረ። የመጋረጃውን ጠርዝ ገልብጦ አየ። የፍራሹን ልብስ ስፌት በጥፍሩ ሳብ ሳብ አደረገ። «እጥፍ ስፌት ነው፤ የዋዛ ሰው አልሰፋውም» አለ በሆዱና ልቡ ረጋ። እስኪ በሉ! መኪና በመጋረጃ ሲገዛ ያያችሁት ሰው አለ?

ከዚያ ባዩ አጠገቡ ተቀምጦ ሜዳ ሜዳውን እስከ መታጠፊያው ነዳት። ፍሬን ሲረግጥ ቆመች። ግን እግሩ ሥር አንድ ነገር ሰጠም ያለ መሰለው።

«ባዩ፣ ፍሬኑ ለስለስ አላለም?»

«ቆማ ስለከረመች ነው። ስትነዳት ይጠነክራል።»

እውነትም ይሆናል ብሎ አለፈው። እሱን ያስጨነቀው ከአጥር ማዶ አንዲት ሴት ቀና ብላ ማየቷ ነበር።

ውሉን ተዋውለው ገንዘቡን ሰጡ። በታኅሣሥ ወር አንድ ሐሙስ ቀን፣ ጎረቤት ከእንቅልፉ ሳይነሳ፣ ዕቃቸውን ሁሉ ጭነው፣ ሁለቱን ሲንጀሮች አልጋው ሥር ሸጉጠው፣ ደህና ሁኑ ሳይሉ ከኪራይ ቤታቸው ወጡ። ወደ ሐሙሲት ነው ጉዞው። ከከተማ እስኪወጡ ይሻው ወደ ጎን አላየም፤ የሚያውቀው ሰው እንዳይኖር ፈርቶ።

ጥሩወርቅ አጠገቡ ተቀምጣ አፏ አልከደን አለ። «አየህ? ቤታችን ውስጥ ተቀምጠን ገበያ እየሄድን ነው! ዞር ብዬ ጋደም ብልስ ማን ምን ይለኛል?» ትስቃለች። ይሻውም ፈገግ አለ። ቀስ በቀስ ትከሻው ወረደ፣ ፀሐይም ወጣች፣ አውድማ ላይ የተከመረው ገለባ ቢጫ ሆኖ ይታያል። እግዜር ይመስገን አለ።

ወደ ዓለም በር ከተማ የሚያወርደው ቁልቁለት ተጀመረ።

በመጀመሪያው ኩርባ ፍሬን ረገጠ፤ ያዘ። በሁለተኛው ረገጠ፤ ያዘ፣ ግን እግሩ ከበፊቱ ይልቅ ወደ ውስጥ ገባ። ከኋላ አንዱ ሲንጀር ከአልጋው ሥር ተንሸራቶ ወጣ፤ ጥሩወርቅ ልትይዘው ወደ ኋላ ሄደች። ይሻውን የተቃጠለ ነገር ሸተተው።

«ጥሩዬ፣ ምድጃውን ለኮስሽው እንዴ?»

«የምን ምድጃ? ከጎማው በኩል ነው የሚሸተው!»

ሦስተኛ ጊዜ ሲረግጥ ፔዳሉ ሄዶ ከወለሉ ጋር ተጣበቀ። የሚይዝ ነገር የለም። አንስቶ ረገጠ፤ የለም። ደጋግሞ ረገጠ፤ እንደ ጭቃ ብቻ ሆነ።

ፈራ። እስከ ዛሬ ፈራሁ ሲል የኖረው ሁሉ ለካ ጨዋታ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ጎተተ፤ እጀታው ተመዞ እጁ ላይ ቀረ። ማርሽ ሊቀንስ ቢሞክር ጥርሱን አፋጨበትና እምቢ አለ። መኪናዋ እየፈጠነች ነው። በስተግራ ገደል ነው፤ ከገደሉ በታች የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ይታያል። ከኋላው ሚስቱ ናት። ድስቱ ይወድቃል፣ ሲንጀሩ ከወዲያ ወዲህ ይላተማል፣ የሷ ድምፅ ግን የለም። መስታወቱን ቀና ብሎ እንዳያይ ዓይኑን ከመንገዱ ማንሳት አልቻለም። ገደልኳት፣ አለ። በገዛ እጄ ገደልኳት።

«ጥሩዬ! ፍሬን የለም! ዝለይ!»

«ወዴት ነው የምዘለው!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። ተመስገን፣ በሕይወት አለች። እየተጋጨች፣ እየተንፏቀቀች መጥታ ወንበሩን ጨበጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። «መሪውን ብቻ ያዝ። እኔ እዚህ ነኝ» አለችው።

ከኩርባው ማዶ መንገዱ ሰው ነው። ገበያተኛ ነው! እህል የጫኑ አህዮች፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች መንገዱን ሞልተው ይወርዳሉ። ይሻው ከራሱ ሞት ይልቅ ይህን ሲያይ ነፍሱ ወጣች። ክላክሱን ተጫነው፤ አልለቀቀውም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ያ ዶሮ በጋቢ ሥር የሚደብቅ ሰው፣ ያለ የሌለ ድምፁን ለቀቀው።

«ልቀቁ! ፍሬን የላትም! በማርያም ልቀቁ! ሰዎች እዩን! እዩን!»

ሰው ተበተነ። አህያ ቦይ ውስጥ ገባ፣ እህል ፈሰሰ፣ አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ዳገቱ ላይ ተለጠፈች። መኪናዋ በመካከላቸው በነፋስ ፍጥነት አለፈች። ይሻው አንድም ሰው ሲነካ አልተሰማውም፤ አለመንካቱን ግን እርግጠኛ አልነበረም፣ ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነበር። ከፊት፣ በስተቀኝ፣ ሽቅብ የሚወጣ የጋሪ መንገድ አለ፤ መጨረሻው ላይ አውድማ፣ አውድማው ላይ ቤት የሚያህል የገብስ ገለባ ክምር። ጥሩወርቅ በጣቷ ከማሳየቷ በፊት እሱም አይቶታል። መሪውን ጠመዘዘ። መኪናዋ በሁለት ጎማ የቆመች መሰለች፣ ተመለሰች፣ ዳገቱን እየተንገጫገጨች ወጣችና ገለባው ውስጥ እስከ ወገቧ ተቀበረች።

መስታወቱ ሁሉ ቢጫ ሆነ።

የአውድማው ባለቤት ዳኛቸው የሚባል ገበሬ መንሹን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። የከብቶቹ የዓመት ቀለብ ነው የተናደው፤ ይሻው ሊመታኝ ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው ግን መንሹን ጣለና በሩን ታግሎ ከፈተው። «ነፍስ ተርፏል? ስንት ናችሁ? ሕፃን የለም?» አለ። ከታች ገበያተኛው እየጮኸ ወጣ።

«የተጎዳ ሰው አለ?» አለ ይሻው።

«ማንም አልተነካ፤ እመብርሃን ጋርዳናለች» አለው አንድ ሽማግሌ።

ቅቤ ይዛ ትወርድ የነበረች እቴነሽ የምትባል የደብረ ታቦር ነጋዴ መኪናዋን ዞራ አየቻትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በሞትኩት! ይቺ ያቺ ፍሬን የሌላት አይደለችም እንዴ? ለዚህ አይደል ቆማ የኖረችው? ደብረ ታቦር ሁሉ የሚያውቀውን! ማንንም ሳትጠይቁ ነው የገዛችሁት?»

ጥሩወርቅ እጇን የይሻው ትከሻ ላይ አኖረች።

«ይሻው፣ እግርህን አንሳ። ቆማለች እኮ።»

«አልችልም» አለ። እግሩ አሁንም ፔዳሉን ከወለሉ ጋር አጣብቆ እየረገጠ ነበር።

ጎንበስ ብላ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጇ ይዛ አነሳችለት። ያን ጊዜ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየ።

«ጥሩዬ፣ ፈራሽ?»

«ዛሬ መሰለህ?» አለች ቀና ሳትል። «ዕቃችን ደጅ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሌሊት በሩን እያየሁ ነው የማድረው። ስናረጅ ማን ያስገባናል እያልኩ። አንተ እንዲያ እየፈራህ እኔም ፈራሁ ብልህ ምን ይውጠን ነበር?» ከዚያ ጮክ ብላ አለቀሰች።

ይሻው ከመኪናዋ ወረደ። በሩን ተደግፎ ቆመ። ገለባ ከፀጉሩ ይረግፋል፣ የገበያው ሕዝብ በሙሉ አፍጥጦ ያየዋል።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ይሻው እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይቺ ቤታችን ናት። ሌላ ቤት የለንም፣ ያለን ገንዘብ ሁሉ እሷ ውስጥ ገብቷል። ፍሬን የሚሠራ ሰው የምታውቁ አላችሁ?»

ሰው ሁሉ ባንድ ላይ እያወራ ስልኩን ከኪሱ ማውጣት ጀመረ።